«ፖምፓው አልቋል» ከማለት በፊት፤ ስለ አሮጌ ሞተርሆም የናፍጣ መስመር ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ ባሉ የሐበሻ ቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። የሚያወራው በርካሽ ስለሚገዙ አሮጌ የናፍጣ ሞተርሆሞች (መኖሪያ ቤት ያላቸው ትልልቅ መኪናዎች) ነው፤ በተለይ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተሠርተው፣ ሞተራቸው ከኋላ ሆኖ፣ 5.9 ሊትር ካሚንስ ስለተገጠመላቸው። ጽሑፉ አጭርና ደፋር ነው፣ ሲነበብም ይጥማል። ምክሩን እንዳለ የሚከተል ሰው ግን ከሺህ ዶላር በላይ አውጥቶ ችግሩን እዚያው ቦታው ላይ ሊያገኘው ይችላል።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። መኪናው ዳገት ላይ ኃይል ካጣ ወይም ጠዋት አልነሳ ካለ ኢንጀክሽን ፖምፓው (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚልከው) አልቋልና ይቀየር። መስመሩ አየር ቢስብ ኖሮ ናፍጣ ይንጠባጠብ ነበር፤ መሬቱ ደረቅ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። ታንኩ መውጫ ላይ ባለ 2 ማይክሮን (በጣም ደቃቅ ቆሻሻ የሚይዝ) ፊልትሮ ይገጠም። ማሻሻል ማለት የተገኘውን ትልቁን የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግጠም ነው፣ ግፊቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል። ፊልትሮ ተቀይሮ አልነሳ ካለ ስድስቱም የኢንጀክተር ቧንቧዎች ይፈቱና የማስነሻ ስፕሬይ ይረጭ። በየታንኩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጨመር። ጥቁር ዝቃጭ ከታየ በረኪና ወይም አልኮል ይግባበት። በመጨረሻም መለዋወጫ ፊልትሮ መያዝንና መኪናው ሲቆም ታንኩን መሙላትን ይመክራሉ።

አንድ በአንድ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ሞተሮችን እንደ አንድ ይቆጥራል። ባለ 12 ቫልቩ በአብዛኛው የቦሽ ፒ7100 ፖምፓ አለው፤ ናፍጣውን ከታንክ ስቦ ወደ ፖምፓው የሚገፋለት ሊፍት ፓምፕ ሜካኒካል ነው፣ የሚነዳውም በሞተሩ ካምሻፍት። ከ1998 እስከ 2002 የተሠራው ባለ 24 ቫልቭ አይ.ኤስ.ቢ ግን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቦሽ ቪ.ፒ.44 ፖምፓና ሞተሩ ጎን ላይ የተጣበቀ የኤሌክትሪክ ሊፍት ፓምፕ ነው ያለው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሞተርሆሙን የሞዴል ዓመት ብቻ አትመኑ፤ ሻንሲውና ሞተሩ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት የተመረቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሞተሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ።

«ኃይል ካጣ ፖምፓው ነው»

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይኸ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ፖምፓው የሚሰጠው የተሰጠውን ነው። ከታንኩ እስከ ፖምፓው ድረስ ያለው ዝቅተኛ ግፊት ያለበት መስመር፣ ታንኩ ከፊት ሞተሩ ከኋላ ሲሆን፣ ከ20 ጫማ በላይ ይሄዳል። መንገዱ ላይ የጎማ ቱቦ፣ መገጣጠሚያ፣ ውሃ መለያ፣ ፊልትሮና ሊፍት ፓምፕ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲደክም የሚታየው ምልክት ፖምፓ ሲሞት ከሚታየው ጋር አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ የሚለያቸው የግፊት መለኪያ ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ መለኪያ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

መለኪያው የሚገባው ከፊልትሮው በኋላ፣ ከፖምፓው በፊት ነው። ከመለኪያው በፊት ትንሽ የመርፌ ቫልቭ አስገብታችሁ ጥቂት ብቻ ክፈቱት፤ አለበለዚያ የናፍጣው ምት መለኪያውን በአጭር ጊዜ ይገድለዋል። ናፍጣ የያዘ ቱቦ ወደ ሹፌሩ ክፍል አታስገቡ፤ ለዘለቄታው የሚገጠም ከሆነ የኤሌክትሪክ ሴንሰር ያለው ይሁን።

በቪ.ፒ.44 ላይ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ሲዞር) 10 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) እና ከዚያ በላይ መነበብ አለበት። ነዳጅ መስጫው ሙሉ ተረግጦ ረጅም ዳገት ሲወጣ ከ5 ከወረደ ፖምፓው እየተራበ ነው። በሚኒሞ 12 አንብቦ «ደህና ነው» ብሎ መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው፤ ጭነት ሳይኖር የደከመ ሊፍት ፓምፕም ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ5 ፒ.ኤስ.አይ ከበለጠ ጥፋተኛው ፊልትሮው ነው። ግፊቱ ደህና መስሎ መጠኑ የሚያንስበት ጊዜም አለ። ቁልፉን ወደ ሞተሪኖ ለአፍታ ነክታችሁ ሞተሩ ሳይነሳ ብትለቁት ሊፍት ፓምፑ ለ25 ሰከንድ ያህል ይሠራል፤ መውጫውን ወደ መለኪያ ዕቃ አድርጋችሁ ከ1.1 ሊትር ያላነሰ ማግኘት አለባችሁ። ይኸ መጠን የተሰላው ይኸው ሞተር ለተገጠመላቸው ዶጅ ፒክአፖች ከወጣው፣ በ30 ሰከንድ 45 አውንስ ከሚለው ደንብ ነው።

በባለ 12 ቫልቩ ፒ7100 ላይ ቁጥሮቹ ሌላ ናቸው፦ በሚኒሞ ከ17 እስከ 22፣ በ2500 ዙር ከ25 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ። ከዚህ ካነሰ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፖምፓው ላይ ያለው የመመለሻ ቫልቭ ነው፤ ስፕሪንጉ ሲደክም ናፍጣው ወደ ታንክ ይሸሻል። ቫልቩ አንድ ቡሎን የሚያክል፣ በርካሽ የሚገዛና በደቂቃዎች የሚቀየር ነው። ቀጥሎ፣ ካለው፣ ከሊፍት ፓምፑ በፊት ያለው ማሞቂያ ውስጥ የተቀመጠው ወንፊት ይታይ። ብዙ ሰው ፊልትሮውን እየቀየረ ወንፊቱን ለዓመታት አይነካውም። ሞተሩ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ የማጥፊያ ሶሌኖይዱን (ዘንጉን በኤሌክትሪክ የሚስበውን) እዩ፤ ቁልፉ ሲዞር ፖምፓው ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ላይ ካልሳበ ዘንጉን በእጅ አንስታችሁ ሞክሩ። ከተነሳ ችግሩ ሽቦ ወይም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ወይም ራሱ ሶሌኖይዱ እንጂ ናፍጣ አይደለም።

«ዳገት ላይ» የሚለው ራሱ ፍንጭ ነበር። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው አይ-70 አይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስ ከፍታው 11,158 ጫማ ነው፤ እዚያ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ብቻ ነው። ሊፍት ፓምፑ ከሩቅ ሲስብ ናፍጣውን ከኋላ የሚገፋለት ይኸው የአየር ግፊት ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ በጭንቅ የሚበቃ መስመር ተራራ ላይ አይበቃም። ሲወጣ «የሚሞት»፣ ወርዶ ሲያርፍ «የሚድን» ፖምፓ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መስመሩን ይሁን።

ጸሐፊው የሚሉት እውነት የሚሆንበት ሁኔታ ግን አለ፣ ልደብቀው አልፈልግም። ቪ.ፒ.44ን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም በውስጡ የሚያልፈው ናፍጣ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውም እላዩ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ፖምፓ ይሞታል። በዶጅ ፒክአፖች ላይ ፒ0216 በሚል የኮምፒውተር ኮድ የሚታየው የታይሚንግ ስህተት ከመጣ ፖምፓውን መቀየር አይቀርም። እንደዚያም ሆኖ የገደለው ደካማ ሊፍት ፓምፕ ከሆነ፣ አዲሱን ፖምፓ እዚያው መስመር ላይ መግጠም ሁለተኛውንም መግደል ነው። ቅደም ተከተሉ የማይገለበጠው ለዚህ ነው።

«ካልተንጠባጠበ አየር አይስብም»

ከሊፍት ፓምፑ በኋላ ላለው መስመር ትክክል ነው፤ እዚያ ግፊት ስላለ ቀዳዳ ካለ ናፍጣ ይወጣል። ከሊፍት ፓምፑ በፊት ያለው መስመር ግን ሞተሩ ሲሠራ ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት አለው፤ በቀዳዳው አየር ይገባል እንጂ ናፍጣ አይወጣም። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ናፍጣው ቀስ ብሎ ወደ ታንክ ይመለሳል። ጠዋት ተነስቶ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ፣ ከዚያ ብዙ ተሞክሮ የሚነሳ መኪና የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ መሬቱም ደረቅ ነው።

የሚታለፈው ቦታ የታንኩ ውስጥ ነው። ናፍጣውን የሚስበው ቧንቧ ከላይ ወደ ታች የገባ ነው፤ መሃሉ ላይ ዝገት ከበሳው ታንኩ ሙሉ ሲሆን ቀዳዳው ናፍጣ ውስጥ ስለሆነ ምንም አይታይም። ናፍጣው ከቀዳዳው በታች ሲወርድ አየር መሳብ ይጀምራል። «ሩብ ታንክ ሲደርስ ኃይል ያጣል፣ ስሞላው ይሻለዋል» የሚል ሰው በሽታውን ራሱ ተናግሯል። ከጄኔሬተሩ ጋር ግን አታምታቱት፤ የጄኔሬተሩ መሳቢያ ቧንቧ ሆን ተብሎ አጥሮ የተሠራ ነው፣ ሩብ ታንክ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ይጠፋል፣ መንገድ ላይ እንዳትቀሩ ተብሎ።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ከሊፍት ፓምፑ መግቢያ አጠገብ አንድ ጫማ የሚሆን ናፍጣ የሚችል ግልጽ ቱቦና የቫኪዩም መለኪያ አስገቡ። ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ይዛችሁ ሁለቱንም አብራችሁ አንብቡ። መለኪያው ዝቅ ያለ ሆኖ በቱቦው ውስጥ አረፋ ካለፈ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። መለኪያው ከ4 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ በላይ ከወጣ መስመሩ ታንቋል፦ ቆሻሻ፣ የተጨፈለቀ ቱቦ፣ ወይም ውስጡ የተላጠ አሮጌ ጎማ። የተላጠው ጎማ ከውጭ አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደ በር ከፈት ዘጋ ይላል። በጣም በታነቀ መስመር ላይ ናፍጣው ውስጥ የሟሟው አየር ራሱ ስለሚወጣ አረፋ ይታያል። አረፋ አይታችሁ መገጣጠሚያ ከማጥበቃችሁ በፊት ቫኪዩሙን ማንበብ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት መስመሩን ከታንኩም ከሞተሩም ፍቱት፣ አንዱን ጫፍ ዝጉ፣ በሌላው ከ5 እስከ 10 ፒ.ኤስ.አይ አየር ስጡና መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቡ። ታንኩን ራሱን በአየር አትንፉ። የውሃ መለያውን የታች ማፍሰሻ ቧንቧና ኦ-ሪንጉን (ክብ ማሸጊያ ጎማውን) አትርሱ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያሳጥር ፈተናም አለ፦ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ 5 ጋሎን ጄሪካን አጠገቡ አስቀምጣችሁ በአዲስ አጭር ቱቦ በቀጥታ ለሊፍት ፓምፑ ስጡት። የመመለሻ ቱቦውንም ወደ ጄሪካኑ መልሱ፤ ቪ.ፒ.44 ከሚቀበለው አብዛኛውን ስለሚመልስ አለበለዚያ ጄሪካኑ ቶሎ ያልቃል። ቆሞ ብቻ የሚደረግ ፈተና ነው፣ ይዞ መንዳት የለም። ሞተሩ ተስተካክሎ ከሠራ ፖምፓው በአብዛኛው ነፃ ወጥቷል።

«2 ማይክሮን ታንኩ መውጫ ላይ»

ንጹሕ ናፍጣ መፈለጋቸው ልክ ነው፣ ቦታው ግን ተገልብጧል። በሚስበው በኩል 2 ማይክሮን ማስገባት ከላይ የተናገርነውን መታነቅ በገንዘብ ገዝቶ መግጠም ነው። በመሳቢያው በኩል ውሃ የሚለይ ባለ 30 ወይም ባለ 10 ማይክሮን፣ ከሊፍት ፓምፑ በኋላ ግፊት ባለበት በኩል ደግሞ ጥሩው ፊልትሮ ይሁን። የሬኮር ፊልትሮ ለሚጠቀሙ ቀለሙ ይረዳል፦ ቀይ 30፣ ሰማያዊ 10፣ ቡናማ 2 ነው።

«ትልቁን ፓምፕ ግጠሙ»

ባለ 24 ቫልቭ ላላቸው ሐሳቡ በግማሹ ልክ ነው። ሞተሩ ላይ የተጣበቀው የፋብሪካ ሊፍት ፓምፕ ደካማ ጎን አለው፦ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግፋት እንጂ ከሩቅ መሳብ አይችልበትም፤ እሱ ግን ከታንኩ ርቆ፣ በሞተሩ ሙቀትና ንዝረት ላይ ተቀምጦ እንዲስብ ነው የተፈረደበት። ስለዚህ ማሻሻያው በመጀመሪያ ቦታ መለወጥ ነው። አዲሱ ፓምፕ ሻንሲው ላይ፣ ታንኩ አጠገብ፣ ቢቻል ከታንኩ ታች ከፍ ሳይል ይታሰር።

ግፊቱ ግን ገደብ አለው። የቪ.ፒ.44 የመመለሻ ቫልቭ 14 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ይከፈታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ናፍጣ ወደ ታንክ ይመለሳል። ከ15 እስከ 18 የሚሰጥ፣ በጭነት ጊዜም የማይወርድ ፓምፕ ይበቃል፤ ከ20 በላይ መግፋት ለፖምፓው ማሸጊያ ጎማዎች ጭንቀት እንጂ ለሞተሩ ትርፍ አይደለም። የሚፈለገው መጠን ነው፣ መጠን ደግሞ ከቱቦ ይመጣል። የፋብሪካው መስመር ጠባብና ጠባብ ባንጆ ቡሎኖች (መሃላቸው ተበስቶ ናፍጣ የሚያልፍባቸው) የበዙበት ስለሆነ፣ ግማሽ ኢንች ቱቦና ሰፋፊ መገጣጠሚያዎች ሳይገጠሙ ትልቅ ፓምፕ መግጠም ብዙ አይለውጥም። ቱቦው ለናፍጣና ለባዮዲዝል የተፈቀደ ይሁን፤ በሚስበው በኩል የማይጨፈለቅ ጠንካራ ቱቦ ተጠቀሙ። ጠርዙ ጎማ የሚበላ ርካሽ ማሰሪያ አታስገቡ።

ጽሑፉ ስለ ሽቦው ዝም ማለቱ ያሳስባል። የቀድሞው የሊፍት ፓምፕ ሽቦ የሚመጣው ከሞተሩ ኮምፒውተር ነው፣ ትልቅ ፓምፕ እንዲሸከም አልተሠራም። እሱ ሪሌ እንዲያዝዝ ብቻ ይሁን፤ ዋናው ኃይል በፊውዝ አልፎ በወፍራም ሽቦ ከባትሪ ይምጣ። ሞተሩ ሲቆም ፓምፑ የሚጠፋበት መንገድም ይኑር፣ ለምሳሌ በዘይት ግፊት ስዊች። ብዙዎቹ ሞተርሆሞች ውስጥ አልጋው ያለው ከሞተሩ በላይ ነው። ቱቦ ተቆርጦ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፓምፑ ናፍጣ በጋለ ቱርቦ ላይ እየረጨ መቀጠሉ ሊታሰብ የሚገባ ነገር ነው።

ባለ 12 ቫልቭ ያላቸው ግን ቆም ይበሉ። ጤነኛ ሜካኒካል ሊፍት ፓምፕ ሽቦ አይፈልግም፣ ፊውዝ አያቃጥልም፣ በፋብሪካው የፈረስ ጉልበት ለሚሄድ ሞተርሆምም ከበቂ በላይ ነው። ከደከመ አዲስ ሜካኒካል ግዙ።

«ስድስቱን ፈትቶ ስፕሬይ»

እዚህ ላይ ጨዋነቴን ሳልተው ቆጣ ማለት ይፈቀድልኝ። ከእነዚህ ሞተሮች አብዛኞቹ አየር ማስገቢያው ላይ በኤሌክትሪክ የሚግል ፍርግርግ ማሞቂያ አላቸው። በጋለ ፍርግርግ ላይ ኤተር፣ ማለትም የማስነሻ ስፕሬዩን፣ መርጨት ማለት ማስገቢያው ውስጥ ፍንዳታ መፍጠር ነው፤ ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ሰው የሚጎዳበት ነገር ነው።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። በባለ 24 ቫልቩ ቁልፉን ወደ ሞተሪኖ ነካ እያደረጋችሁ ሊፍት ፓምፑ ሁለት ሦስት ዙር ፊልትሮውን እንዲሞላ ፍቀዱ። በባለ 12 ቫልቩ የእጅ መግፊያውን ፊልትሮው እስኪሞላና እስኪከብድ ግፉ። ከዚህ በኋላም ካልተነሳ የ1፣ የ3 እና የ4 ቁጥር ኢንጀክተር ዳዶዎችን ብቻ ትንሽ አላሉና ሞተሪኖውን ከ30 ሰከንድ ሳታስበልጡ አዙሩ፤ በየመሃሉ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣ አጥብቁ። መነጽር አድርጉ፣ እጃችሁን አታቅርቡ፤ ኢንጀክተሩ የሚከፈተው ከ3,500 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ስለሆነ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ቆዳ ውስጥ የገባ ናፍጣ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

አዲስ ፊልትሮ ከጄሪካን መሙላትን በተመለከተ፣ መሃሉ ባለው ትልቅ ቀዳዳ አታፍስሱ፤ እሱ የተጣራው ናፍጣ የሚወጣበት ነው። በዳር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሁን።

የካምቢዮ ዘይትና በረኪና

የዘይቱ ምክር የተነሳው ከትክክለኛ ስጋት ነው። ከ2006 ጀምሮ የአሜሪካ የመንገድ ናፍጣ ሰልፈሩ ወደ 15 ፒ.ፒ.ኤም ወርዷል፣ ሰልፈሩ የሚወጣበት ሂደትም የናፍጣውን የማለስለስ ባሕርይ ይቀንሳል። ነገር ግን በማደያው የሚሸጠው ናፍጣ የማለስለስ ደረጃ አለው፣ ጉድለቱም በተጨማሪ ኬሚካል ይሞላል። ተጨማሪ ለሚፈልግ 2 በመቶ ባዮዲዝል ብቻውን ብዙ ይረዳል። የካምቢዮ ዘይት ኢንጀክተር ለማጽዳት አልተሠራም፤ ውስጡ ያሉት ኬሚካሎች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ። ሌላም ነገር አለ፦ ቀይ ነው። በአሜሪካ መንገድ ላይ የተከለከለው ግብር ያልተከፈለበት ናፍጣም ቀይ ነው፣ ቅጣቱም 1,000 ዶላር ወይም በጋሎን 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ለተቆጣጣሪ ዘይት ነው ብሎ ማስረዳት አድካሚ ነው።

ጥቁሩ ዝቃጭ በናፍጣና በውሃ መካከል የሚኖሩ ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው። በረኪና ብረቱን ይበላል። አልኮል ውሃውን ከናፍጣው ጋር ቀላቅሎ በመለያው አሳልፎ ፖምፓው ድረስ ይወስደዋል። መጀመሪያ ውሃው ከታንኩ ታች ይውጣ፣ ከዚያ ለናፍጣ የተሠራ ፀረ ተሕዋስያን በመመሪያው መጠን ይግባ፣ ከዚያም የሞተው ነገር ፊልትሮ እንደሚደፍን አውቆ ተከታታይ ፊልትሮ ማዘጋጀት ነው። በብዛት ከሆነ ታንኩን ከማጠብ ሌላ መንገድ የለም። አሮጌ ታንክ ላይ ድንገት ባለ 20 በመቶ ባዮዲዝል የሞላም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፤ የዓመታት ቆሻሻ አላቅቆ ፊልትሮው ላይ ያከማቻል፣ አሮጌ ጎማዎችንም ያለሰልሳል።

ቅዝቃዜ ሌላ ጉዳይ ነው። ቴክሳስ በሰመር የተሞላ ናፍጣ ይዞ በታኅሣሥ ሚኒያፖሊስ የገባ መኪና ፊልትሮው በሰም ይደፈናል። ለዚያም አልኮል መልስ አይደለም። ከመድረሳችሁ በፊት ታንኩን አቅልላችሁ ቁጥር 1 ናፍጣ (ለቅዝቃዜ የሚሆነውን) ወይም የአካባቢውን የክረምት ድብልቅ ሙሉ፣ ሰም መከላከያውንም ናፍጣው ሳይደነድን ጨምሩ።

ጸሐፊው ስለ መለዋወጫ ፊልትሮና መኪናው ሲቆም ታንክ ስለ መሙላት ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ የምጨምረው ፊልትሮው ከነኦ-ሪንጉ፣ መፍቻውና የናፍጣ መቀበያው ዕቃ አብረው ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጡ ነው፤ ፊልትሮው ኖሮ መፍቻው የሌለበት ሰው መንገድ ዳር መቆሙ አይቀርም።